የጓሮ አትክልት ችግኝ፦ ቤት ውስጥ ስንት ቀን ይቆይ?

የመጀመሪያው የቲማቲም ችግኜ የሞተው ውኃ ጠምቶት አልነበረም። ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ባለው ቤቴ፣ ሳሎን መስኮት ሥር፣ ከዶሮም ከፀሐይም ተጠብቆ፣ በየጠዋቱ እየጠጣ ነው የሞተው። ዘሩ በስድስተኛው ቀን በቀለ። በአሥረኛው ቀን ከስንደዶ የቀጠነ ግንድ ይዞ ተመዘዘ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ሁሉም ወደ መስኮቱ አዘንብሎ ተኛ። ጣና ዳር አትክልት ሲያለሙ የኖሩ አንዲት እናት ለቡና መጥተው ትሪውን አዩና «ልጄ፣ ይህ እኮ ብርሃን የራበው ነው፤ አጥንት የለውም» አሉኝ። ከዚያም አንዱን ቡቃያ በሁለት ጣታቸው ቀና ሊያደርጉት ሞከሩ። ሲለቁት መልሶ ተኛ።

ያን ጊዜ የምከተለው ለብርድ አገር የተጻፈ ምክር ነበር። ዘሩን ቤት ውስጥ መዝራት፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ማቆየት፣ የመጨረሻው ውርጭ ሲያልፍ ማውጣት። ለሰሜን አውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ጓሮ ይህ ትክክል ነው። እዚያ ያለጊዜው ውጭ የተተከለን ቲማቲም ውርጭ ይገድለዋል። ቤት ውስጥ የሚያቆዩትም ከችግኙ አናት በላይ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት መብራት እያበሩለት ነው። ምክሩ ወደ እኛ ሲደርስ ግን መብራቱ መንገድ ላይ ይቀርና የሳምንቱ ቁጥር ብቻ ይመጣል። ስለዚህ ለባሕር ዳር ጓሮ ጥያቄውን ከሥሩ ማንሳት ያስፈልጋል፦ ዘሩን ቤት ውስጥ የምናስጀምረው ከምን ልናድነው ነው?

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውርጭ የእኛ ጭንቀት አይደለም። የእኛ ጭንቀት መጀመሪያ የክረምቱ ዝናብ ነው። ከባድ የዝናብ ጠብታ መሬት ሲመታ በሰከንድ እስከ 9 ሜትር ፍጥነት አለው። ግማሽ ሴንቲ ሜትር አፈር የለበሰን የቲማቲም ዘር ጠርጎ ለመውሰድ፣ ገና ብቅ ያለውንም አንገቱን ለመስበር ይህ ከበቂ በላይ ነው። ቀጥሎ የበጋው ፀሐይ አለ። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀኑ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ የላይኛው አንድ ጣት አፈር ጠዋት ጠጥቶ ቀትር ላይ ይደርቃል፤ ውኃ ጠጥቶ መብቀል የጀመረ ዘር ደግሞ መሐል ላይ ከደረቀ አይመለስም። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። ጉንዳኑም ዶሮውም ሥራ አይፈቱም።

እነዚህን አደጋዎች አንድ በአንድ ብናያቸው አብዛኞቹ የሚከፉት ዘሩ ከመብቀሉ በፊትና በበቀለ ሰሞን ነው። ቤት የሚያስፈልገን ለዚያች አጭር ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ችግኙ የሚፈልገውን ሳሎናችን ሊሰጠው አይችልም።

ብቅል ያየ ሰው ግማሹን ያውቀዋል

እናቴ ለጠላ ብቅል ስታበቅል ገብሱን ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ታሳድረዋለች። ጠዋት ውኃውን አጥልላ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ከማጀቱ ሞቃት ጥግ ታስቀምጠዋለች። በሦስተኛው ቀን ቅጠሉን ስትገልጠው ነጫጩ ሥር እርስ በርሱ ተጠላልፎ፣ እጅ ሲያስገቡበትም ሞቅ ብሎ ይገኛል። ያ ሙቀት ዘሩ ሲተነፍስ የሚያወጣው ነው። በልጅነቴ እጄን እዚያ ውስጥ ከትቼ መቆየት እወድ ነበር፤ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑ በመዳፍ ይታወቃል።

በዚያ ጥቅል ውስጥ ብርሃን የለም፤ አፈርም ማዳበሪያም የለም። እርጥበት፣ አየርና ሙቀት ግን አሉ፤ ለመብቀል የሚያስፈልጉትም እነዚህ ናቸው። ዘሩ ስንቁን በሆዱ ይዞ ስለተወለደ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ከእኛ ምግብ አይጠብቅም። ውኃው በደንብ ያልጠለለ ብቅል ይሸታል፤ አየር አጥቶ ነው። የተዘራ ቲማቲም ወይም በርበሬ ውኃ ባረገዘ አፈር ውስጥ የሚበሰብሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። አፈሩ ተጨምቆ እንደወጣ ጨርቅ እርጥብ ይሁን፤ በጭብጥ ሲጨምቁት ውኃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ በዝቶበታል።

ሙቀት የሚያመጣው ልዩነት ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ነው። በርበሬና ቃሪያ አፈሩ 25 ዲግሪ ሲሆን በ8 ቀን ገደማ ይበቅላሉ፤ 15 ዲግሪ ላይ ግን 25 ቀን ያህል ይፈጅባቸዋል። ቲማቲም በ25 ዲግሪ 6 ቀን፣ በ15 ዲግሪ 14 ቀን ያህል ይወስዳል፤ በ10 ዲግሪ ከ40 ቀን በላይ ይቆያል። በታኅሣሥ ውጭ የተዘራ በርበሬ «ዘሩ ባዶ ነው» ተብሎ የሚጣለው ብዙ ጊዜ ገና ሳይነቃ ነው። ጥቅል ጎመንና ቀይ ሽንኩርት ቅዝቃዜውን በተሻለ ይችሉታል። ሰላጣ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ አፈሩ 30 ዲግሪን ሲያልፍ ተኝቶ ይቀራል። ስለዚህ በሚያዝያ ሰላጣ የሚዘራ ሰው ከቤቱ ቀዝቃዛውን ጥግ፣ በጥር በርበሬ የሚዘራ ሰው ሞቃቱን ጥግ ይምረጥ። እንጀራ የሚጋገርበት ክፍል ለበርበሬ ከሳሎን ይሻላል። ከምጣዱ ግን ይራቅ፤ የክፍሉ ሙቀት ብቻውን ይበቃል።

የጥልቀቱ ልክ የዘሩ ውፍረት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ነው። ለቲማቲምና ለበርበሬ ይህ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ሰላጣ ለመብቀል ብርሃን ይረዳዋልና አፈሩ ለስሙ ያህል ይነስነስበት። ትሪውን በፌስታል መሸፈን እርጥበቱን ይጠብቃል፤ የመጀመሪያው ቡቃያ በታየ ሰዓት ግን ፌስታሉ ይነሳ።

ዘሩ ራሱ ሕያው መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ደግሞ የወር ድካም ያድናል። አሥር ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ሞቅ ባለ ቦታ ማቆየትና የበቀለውን መቁጠር ነው። ስምንት ከበቀለ ዘሩ ደህና ነው፤ አራት ከበቀለ አጠጋግቶ መዝራት፤ ሁለት ከሆነ ሌላ መፈለግ። የቀይ ሽንኩርት ዘር ከሁሉም ቶሎ ያረጃል፤ ከሁለት ዓመት በላይ የተቀመጠውን አልዘራውም። የቲማቲም ዘር በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ ለአራት ዓመት ያህል ይቆያል። ቀለም የተቀባ ዘር ከተገዛ መድኃኒት አለበት ማለት ነው፤ በእጅ ዘርቶ ሳይታጠቡ ምግብ መንካት አይገባም።

የመውጫው ቀን

የታጠፈው አንገት አፈሩን ሰንጥቆ የታየ ዕለት ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። እስከ ትናንት ብርሃን የማያስፈልገው ፍጥረት ከዛሬ ጀምሮ የሚኖረው በብርሃን ብቻ ነው፤ ስንቁ እያለቀ ነው።

ተክል ብርሃን ሲያንሰው ለምን ይመዘዛል? አፈር ውስጥ ያለ ቡቃያ የሚያውቀው አንድ መውጫ ነው፤ ወደ ላይ መርዘም። ቅጠሉን አጥፎ፣ ግንዱን ሳያወፍር፣ ያለውን ሁሉ ርዝመት ላይ ያፈሳል። ብርሃን ሲያገኝ ይህንን ያቆምና ግንዱን ማወፈር፣ ቅጠሉን መዘርጋት ይጀምራል። ጭላንጭል ብቻ ባለበት ክፍል ያለ ቡቃያ እንግዲህ አሁንም ከአፈር እንዳልወጣ ሆኖ ነው የሚያድገው። ባለቤቱ ሲረዝም አይቶ ይደሰታል፤ እኔም ተደስቼ ነበር።

ክፍሉ ጨለማ የማይመስለን ዓይናችን ስለሚያታልለን ነው። የዓይናችን ብሌን እንደ ብርሃኑ መጠን ይሰፋል፣ ይጠባል፤ ለእኛ ሳሎኑ ብሩህ ነው። በመሣሪያ ሲለካ ግን የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ ያህል ሲሆን፣ ከመስኮት ሁለት ሜትር ገባ ብሎ ያለ ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ ሺህ ሉክስ አይሞላም። ከመቶ አንድ እጅ ማለት ነው። ሰው ከዕለት ምግቡ ከመቶ አንድ እጅ ቢሰጠው ስንት ቀን ይቆማል?

እኛ ባለንበት የምድር ክፍል ሌላም ነገር አለ። ፀሐይ ቀትር ላይ ከአናታችን ስለምትቆም በመስኮት የምትገባው ጥቂት ናት። በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ደቡብን የሚያይ መስኮት ጥሩ ፀሐይ ያገኛል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ግን ባሕር ዳር ላይ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። በበጋ ችግኝ ያሳደገልን የደቡብ መስኮት በግንቦት የሚከዳን ለዚህ ነው። «ደቡብ መስኮት ላይ አስቀምጡ» የሚለው ምክር እዚህ ዓመቱን ሙሉ አይሠራም።

ስለዚህ የእኔ ልማድ ይህ ነው። ከተዘራው ግማሹ ያህል ብቅ ባለ ዕለት ትሪው ከቤት ይወጣል። የቀሩት በረንዳ ላይ ሆነው ይከተላሉ። የሚወጣው ግን ወደ ሜዳ አይደለም፤ ሰማይ ወደሚያይበት፣ ጠብታ ግን ወደማይመታው ቦታ ነው። በበጋ በረንዳው ላይ ከጠዋት እስከ 3 ሰዓት ያለው ለስላሳ ፀሐይ ያገኘዋል፤ ከዚያ በኋላ የደንገል ምንጣፍ ወይም ሣር ከላይ በስሱ ይዘረጋለታል። በክረምት በአራት እንጨት ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ይወጠርለታል፤ ጎንና ጎኑ ግን ክፍት ሆኖ ነፋስ ይግባው። ጎኑን የዘጋ ሰው ቀጥሎ የምናገረውን በሽታ ይጋብዛል።

ማታ ጤነኛ የነበረ ቡቃያ ጠዋት ተጋድሞ ይገኛል። ጎንበስ ብሎ ላየው፣ ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፣ አናቱ ደህና ነው፤ አንገቱ ብቻ፣ አፈሩን በሚነካበት ቦታ፣ ውኃ የነካው ወረቀት መስሎ እንደ ክር ቀጥኗል። በማግስቱ ጎረቤቱ ይደገማል፤ በአራት ቀን ትሪው መሐል ላይ መላጣ ይሆናል። ይህ በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ፈንገሶችና መሰሎቻቸው የሚያመጡት የአንገት መበስበስ ነው። የወደቀውን የሚያድን መድኃኒት የለም። የሚፈልገው እርጥበት፣ መጠጋጋትና የቆመ አየር ስለሆነ መከላከያውም ከዚያው ይወጣል፦ ሳስቶ መዝራት፣ በጠዋት ብቻ ማጠጣት፣ ነፋስ እንዲነካው ማድረግ። በተለይ ከላይ በጣሳ ማፍሰስ ይቅር። ሥሩ የተበሳውን ትሪ ውኃ ባለው ሳፋ ውስጥ ማስቀመጥና የአፈሩ ላይ ሲጠቁር ማውጣት ነው። ውኃው ከታች ወደ ላይ ሲወጣ፣ ግራጫው አፈር ከጠርዝ ጀምሮ ወደ መሐል ሲጠቁር፣ በዓይን ይታያል። ሙሉ በሙሉ እንደጠቆረ ይውጣ።

አፈሩ

በሐይቁ ዙሪያ ያለው ዋልካ አፈር ለማሳ በረከት ነው፤ ለትሪ ግን አይሆንም። ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ለጋውን ሥር ይበጥሰዋል። ከሐይቁ ዳር የሚዛቅ ደለልም ለምለም ይመስላል፤ ትሪ ውስጥ ሲደርቅ ግን እንደ ጡብ ይጠነክራል፣ ያልታወቀ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል። እኔ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የተብላላ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ በወንፊት ነፍቼ እቀላቅላለሁ። ፍጉ ሽታ ካለው አልበሰለም፤ ሥር ያቃጥላል። ድብልቁ ላይ የፈላ ውኃ አፍስሶ ማቀዝቀዝ ከበሽታውም ከአረሙም ብዙውን ይቀንሳል። ዕቃው ምንም ይሁን፤ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን፣ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የእንቁላል ካርቶን። ሥሩ ይበሳ እንጂ።

ቡቃያው መጀመሪያ የሚያወጣቸው ሁለቱ ለስላሳ ቅጠሎች የዘሩ ስንቅ ናቸው፤ የቲማቲምን መልክ አይመስሉም። ከመሐላቸው ጠርዙ የተሸራረፈ እውነተኛ ቅጠል ሲወጣ ወደየራሱ ዕቃ የሚዛወርበት ጊዜ ነው። የሚያዘው በቅጠሉ ነው፤ በግንዱ በፍጹም። ቅጠል ቢቀደድ ሌላ ያወጣል፤ ግንዱ ከተጨፈለቀ ግን አበቃ። ቲማቲም ሲዛወር እስከ መጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ሥር ጠለቅ ብሎ ቢተከል የተቀበረው ግንድ ሥር ያወጣል፤ ትንሽ ለተመዘዘ ቲማቲምም መዳኛው ይህ ነው። ሽንኩርት ጠልቆ መቀበርን አይወድም።

ለማሳው የሚደርሱበት ዕድሜ ይለያያል። ቲማቲምና ጥቅል ጎመን ከ4 እስከ 5 ሳምንት፣ ቀይ ሽንኩርት ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ በርበሬ እስከ 8 ሳምንት። ቀኑ የሚቆጠረው ከመትከያው ቀን ወደ ኋላ ነው። በርበሬ ዝናቡ ሲረጋ፣ በሰኔ መጨረሻ እንዲተከል የሚፈልግ ሰው ዘሩን በሚያዝያ መጨረሻ ይዝራ። በመስኖ ለሚለማ ቲማቲም በመስከረም መጨረሻ ዘርቶ በጥቅምት መጨረሻ መትከል ይመቻል፤ የክረምቱ እርጥበት ካለፈ በኋላ የቅጠል በሽታው ይቀላልና። በፎገራ ሜዳና በቆጋ መስኖ በበጋ የሚታየው የሽንኩርት ማሳ አረንጓዴ ከመሆኑ በፊት ሁለት ወር ያህል በጠባብ መደብ ላይ ቆይቷል።

ማጠንከር

ብዙ ድካም የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። በጥላ ያደገ ቅጠል ቆዳው ስስ ነው። በ1,800 ሜትር ከፍታ ያለ የቀትር ፀሐይ በአንድ ቀን ነጭ ወረቀት ያስመስለዋል፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ደግሞ ቅጠሉ ውስጥ ያለውን ውኃ ሥሩ ከሚተካው ፈጥኖ ይወስዳል። ስለዚህ ከመተከሉ በፊት ከ7 እስከ 10 ቀን የመልመጃ ጊዜ ያስፈልገዋል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት የጠዋት ፀሐይ፣ በሁለተኛው ሁለት ሰዓት፣ እንዲህ እያለ በመጨረሻ ቀንና ሌሊቱን ውጭ ያሳልፋል። በዚህ ጊዜ ውኃው ይቀነሳል፤ ቅጠሉ ትንሽ ዘለስ እስኪል ይጠበቃል እንጂ እስኪጠወልግ አይተውም። ሲጠነክር ግንዱ ይወፍራል፣ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ሲነኩት ሸከር ይላል።

እጅም ይረዳል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ የችግኞቹን አናት በመዳፍ ቀስ አድርጎ መዳበስ፣ ነፋስ እንደሚያወዛውዛቸው፣ ግንዳቸውን አጭርና ጠንካራ ያደርጋል። ተክል ሲነካ እድገቱን ከርዝመት ወደ ውፍረት እንደሚያዞር በሳይንስ የተረጋገጠ ነው። ከቲማቲም ቅጠል መዳፍ ላይ የሚቀረውን ሽታ ደግሞ የቀመሰ ያውቀዋል።

ችግኙ ውጭ ሲሆን ነጭ ዝንብም ያገኘዋል፤ ቫይረስ አስተላላፊ ናት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2012 ጀምሮ በአገራችን የታወቀችው ቱታ አብሶሉታ የምትባለው የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪም አለች። በለጋነቱ የተበከለ ችግኝ ዋጋ የለውምና በረንዳው ላይ ቀዳዳው የጠበበ መረብ መወጠር የሚያስቆጭ ወጪ አይደለም።

ይህ ሁሉ ድካም ለማይገባቸው ደግሞ አይደከም። ካሮት ሥሩ አንዴ ከተነካ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፤ ቦታው ላይ ይዘራ። ባቄላ፣ ፎሶሊያ፣ በቆሎና ድንብላልም እንዲሁ። ዱባ የግድ ቀድሞ መጀመር ካለበት ሥሩ ሳይነካ ከነአፈሩ በሚወጣበት ለብቻው ዕቃ ይሁን።

የመትከያው ሰዓት ከ10 ሰዓት በኋላ ወይም ደመና ያለበት ቀን ነው። ትሪው መትከል ከመጀመሩ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ይጠጣ፤ ጉድጓዱም አስቀድሞ ይረስርስ። ቲማቲም በተክልና በተክል መካከል 30 ሴንቲ ሜትር፣ በመስመርና በመስመር መካከል አንድ ሜትር ይሰጠው። ውኃ የሚጠጡት ከዓይን የሚያመልጡት የሥር ጸጉሮች ናቸው፤ ችግኙ ሲነቀል ብዙዎቹ ይበጠሳሉ። በማግስቱ ቀትር ላይ ቢጠወልግ አፈሩ ውስጥ ውኃ ስለሌለ ላይሆን ይችላል፤ ጠጪው ስላነሰ ነው። በዚያ ሰዓት ደጋግሞ ውኃ ማፍሰስ ሥሩን ማፈን ነው። ለሦስት ቀን ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ በምዕራብ በኩል ሰክቶ የከሰዓቱን ፀሐይ መከለል ከውኃው ይልቅ ይጠቅመዋል።

በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ጠዋት በ12 ሰዓት፣ ፀሐይ ሳትወጣበት፣ ጎንበስ ብሎ ማየት ነው። በቲማቲሙ ቅጠል ጠርዝ ላይ፣ በየጫፉ፣ እኩል እኩል የተደረደሩ ትናንሽ የውኃ ጠብታዎች ካሉ ጤዛ አይደሉም፤ ጤዛ ቅጠሉን ሁሉ ያለብሰዋል። እነዚህ ሥሩ ሌሊት ከአፈር ስቦ፣ በግንዱ አሳልፎ፣ ቅጠሉ ሊሸከመው ስላልቻለ በጠርዙ ያወጣው ውኃ ናቸው። በዚያን ዕለት ቅርንጫፉን እነቅላለሁ።